ማህፀን ከወጣ በኋላ «ከባድ እንዳታነሺ» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ከሆስፒታል ስትወጪ የሚሰጥሽ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሶስት መስመር ነው ያለው፣ ከባድ እቃ አለማንሳት፣ ግንኙነት አለማድረግ፣ በ6 ሳምንት ቀጠሮ። ሀኪሙን ኮሪደር ላይ ሌላ አስር ሰው ይጠብቀዋል፣ አንቺ በማስታገሻው ግማሽሽ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ልጅሽ ደግሞ ራይድ ጠርቶ «ደረሰ ደረሰ» እያለ ያዋክብሻል። ስለዚህ አትጠይቂም። ጥያቄው የሚመጣው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ከባድ ማለት ስንት ኪሎ ነው? ደረጃ መውጣትስ? እንጀራ መጋገርስ? ስግደትስ? ክሩ በ10 ቀን ከወጣና ቁስሉ ከደረቀ ደግሞ 6 ሳምንት ምን የሚሉት ነው?

ከዛ ጠያቂ ይመጣል። አንዷ ጎረቤት «ከአልጋ ንቅንቅ እንዳትይ፣ ይበጠሳል» ትላለች፣ ሌላዋ «አይ እኔ እኮ በ15 ቀኔ ምጣድ ስር ነበርኩ፣ ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ሁለቱም ለአንቺ አስበው ነው የሚናገሩት፣ ግን የሁለቱም ምክር ሰው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ይታያል። እስቲ ነገሩን ከስሩ እንየው።

መጀመሪያ ነገር፣ የወጣው ምንድነው?

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያምታታል። «ማህፀኗ ወጣ» ስንል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ልንል እንችላለን። አንደኛው ማህፀን ይዞት የነበረው ጅማትና ጡንቻ ላልቶ በብልት በኩል ወደታች ሲወርድ ነው፣ ይሄ በሽታ ነው፣ ብዙ የወለዱና እድሜ ልካቸውን እንጨትና ውሃ የተሸከሙ የገጠር እናቶች ላይ ብዙ ይታያል። ሁለተኛው ሀኪም በኦፕሬሽን ማህፀኑን ቆርጦ ሲያወጣው ነው፣ ይሄ ህክምና ነው። የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው፣ ምንም እንኳን አንደኛው ለሁለተኛው ምክንያት ሊሆን ቢችልም።

ሌሎቹ ምክንያቶች የሚታወቁ ናቸው። ማዮማ (ካንሰር ያልሆነው የማህፀን እጢ)፣ አልቆም ያለ ደም፣ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር፣ አንዳንዴም ወሊድ ላይ ደም አልቆም ሲል ወይ ማህፀን ሲተረተር ህይወት ለማትረፍ በድንገት የሚሰራ። ማህፀኑ ከማህፀን በሩ ጋር ሊወጣ ይችላል፣ በሩ ሊቀርም ይችላል። ኦቫሪዎቹ፣ ማለትም እንቁላልና ሆርሞን የሚያመርቱት ሁለቱ፣ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ከሆኑ ይተዋሉ፣ አንዳንዴ ግን አብረው ይወጣሉ። ይሄን ግድ ጠይቂ፣ ምክንያቱም ኦቫሪዎቹ ካሉ ፔሬድሽ ይቁም እንጂ ሆርሞንሽ ይቀጥላል፣ ከወጡ ግን ገና ወጣት ብትሆኚም ማረጥ በአንድ ቀን ይመጣል፣ የሚነሳውን ሙቀት፣ የሌሊቱን ላብ፣ የእንቅልፉን ማጣት ሁሉ ይዞ።

መንገዱም ሶስት ነው። ሆድን ከፍቶ፣ በብልት በኩል ያለ ምንም የሆድ ቁስል፣ ወይም በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ። ሆድ የተከፈተላት ማገገሚያዋ ረዘም ይላል። ግን ሁለት ወይም ሶስት ትንንሽ ቁስል ብቻ ያላት ሴት «እኔ እኮ ትንሽ ናት የተሰራችልኝ» ብላ የምትሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ ከላይ ያለው ቀዳዳ ይነስ እንጂ ውስጥ የተሰራው ስራ ያው ነው። ማህፀኑ ከማህፀን በሩ ጋር ሲወጣ የብልት የላይኛው ጫፍ ክፍት ይቀራል፣ ያ ጫፍ ተገጥሞ ይሰፋል። ይሄን ስፌት አስታውሺው፣ ቀጥሎ የማወራው ሁሉ ወደሱ ይመለሳል።

ውጪው ደርቆ የለ፣ ውስጡ ምን ሆኖ ነው?

የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይሄን ቶሎ ይገባዋል። ጭቃው በተመረገ በሳምንቱ ላዩ ነጣ ብሎ ደርቆ ይታያል፣ በጣት ስትነኪው አይይዝም፣ የጨረሰ ይመስላል። ግን ሚስማር ብትመቺበት እየተገመሰ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ሆድም እንደዛው። ቆዳ ፈጣን ነው፣ በ10 ወይም በ14 ቀን ይገጥማል፣ ክር ካለው ይወጣል፣ አንቺም ሻወር ትገቢያለሽ፣ ልብስ ትቀይሪያለሽ፣ ያየሽ ሰው ሁሉ «አምሮብሻል» ይላል። ከቆዳው ስር ስብ አለ፣ ከስቡ ስር ደግሞ ፋሺያ የሚባል እንደ ሸራ የጠነከረ ነጭ ሽፋን አለ። ሆድን ሰብስቦ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ቀርፋፋ ነው።

ቁስል ባጠቃላይ በ3ኛው ሳምንት ከድሮው ጥንካሬው ሩብ ገደማ ነው ያለው። 80 በመቶ አካባቢ የሚደርሰው ወደ 3 ወር ላይ ሲሆን ከዛ ወዲያም ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድሽን የያዘው በብዛት ክሩ ነው። ክሩ ጠንካራ ነው፣ ችግሩ ክሩ አይደለም። የተሰፋ ጆንያ ከመጠን በላይ ሲታጨቅ አይተሽ ታውቂ ይሆናል፣ የሚበጠሰው ክሩ ሳይሆን ክሩ ያለፈበት ጨርቅ ነው፣ ቀዳዳው እየሰፋ እየሰፋ ይሄዳል። ሆድ ላይ እንዲህ ሲሆን ቆዳው ሳይከፈት ከስሩ ያለው ሸራ ይላቀቅና ከወራት በኋላ ስትቆሚ ወይ ስታስይ የሚነፋ እብጠት ሆኖ ይመጣል፣ ሄርኒያ የሚሉት ነው። ያኔ ሌላ ኦፕሬሽን።

እቃ የማነሳው በእጄ፣ ስፌቱ ታች፣ ምን አገናኛቸው?

ፌስታል ውስጥ ውሃ ሞልተሽ አፉን ቋጥረሽ ወደታች ዘቅዝቂው። አሁን ከላይ በእጅሽ ጫን በይው። ውሃው የሚገፋው ቋጠሮውን ነው አይደል? ሆድ እንደዛ ዝግ እቃ ነው። የሆነ ነገር ለማንሳት ስትታገይ ሳታውቂው ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ የሆድ ጡንቻ ይጨመቃል፣ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ፍለጋ ወደፊት የሆዱን ስፌት፣ ወደታች ደግሞ ያንን ያስታወስሽውን የብልት ጫፍ ስፌት ይገፋል።

ለዚህ ነው ግፊት የሚፈጥረው እቃ ብቻ ያልሆነው። ኃይለኛ ሳል፣ ማስነጠስ፣ ማስታወክ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ማማጥ፣ ከተኛሽበት በሆድሽ ጉልበት ብድግ ማለት፣ ሁሉም ያው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ትንሽ እቃ ከማንሳት ይብሳሉ። ስታስይ ወይ ስትስቂ ትንሽ ትራስ ሆድሽ ላይ ይዘሽ ደገፍ አርጊው። ከአልጋ ስትነሺ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እግርሽን ከአልጋው አውርጂ፣ ከዛ በእጅሽ ገፍተሽ ቀና በይ። ይሄ ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግን ትልቁ ልዩነት እሱ ነው።

መቀነት ወይም የሆድ ቀበቶስ? ስትንቀሳቀሺ ደገፍ ስለሚያደርግ ብዙ ሴቶች ደስ ይላቸዋል፣ ሀኪምሽ ካልከለከለሽ ላላ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ግን ቀበቶ ታሰረ ማለት ጀሪካን ተፈቀደ ማለት አይደለም፣ እንደውም በጣም ሲጠብቅ ግፊቱን ወደታች ነው የሚልከው።

እሺ፣ «ከባድ» ስንት ኪሎ ነው?

አብዛኛው ሀኪም ለመጀመሪያው 6 ሳምንት ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ ይላል፣ አንዳንዱ እስከ 6 ይፈቅዳል። ኪሎ ስንል ማን ቤት ውስጥ ሚዛን አለው፣ ስለዚህ በእቃ እንነጋገር። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሙሉውን 4.6 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጣሪያሽ እሱ ነው በይ። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ቢጫው ባለ 25ቱ 25። ግማሹን ብቻ ሞልቼ ብትይም 10 ኪሎ ነው፣ እጥፍ። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ሲሊንደር ከነብረቱ ወደ እጥፍ ይሄዳል፣ እሱን መግፋትም መጎተትም ያው ነው። የአንድ አመት ልጅ 9፣ 10 ኪሎ ይሆናል፣ ማቀፍ ትችያለሽ ግን ተቀምጠሽ፣ ሌላ ሰው ጭንሽ ላይ አድርጎልሽ፣ ወይም ራሱ ወጥቶ። የረጠበ ብርድ ልብስ፣ የታጠበ ጋቢ፣ ሳፋ ሙሉ ልብስ፣ እነዚህ ሰው ከባድ ብሎ የማይቆጥራቸው ግን የሚከብዱ ናቸው።

የአክስቴን ልንገራችሁ። ማዮማ ነበረባት፣ ሆዷ ተከፍቶ ነው የተሰራላት። በ19ኛ ቀኗ ነው፣ ጠዋት፣ ልጆቹ ስራ ሄደዋል፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ የባልዲው አፍ ጋ ደርሷል። ጋገራውን ልጅቷ ከሰአት መጥታ ልትጋግር ነው የተባለው፣ አክስቴ ግን «ሊጡ ይኮመጥጣል» ብላ ባልዲውን ከወለል አንስታ ምጣዱ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች። ባለ 15 ሊትር ባልዲ ነው። ከፍ ስታደርገው የሆነ ነገር ታች በኩል «ቡጭቅ» አለብኝ ትላለች፣ ህመሙ ብዙም አልነበረም፣ ማታ ግን ቆሞ የነበረው ደም ተመለሰ፣ ደማቅ ቀይ። ሆስፒታል ተመለሰች፣ ታየች፣ ደግነቱ ስፌቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነበር የተላቀቀው፣ ሳይሰፋ ራሱ ገጠመ፣ ግን 6 የነበረው ሳምንት ለሷ 9 ሆነ። ልብ በሉ፣ እንጀራ መጋገሩ ራሱ አልነበረም ችግሩ። በ3ኛ፣ 4ኛ ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጦ በጆግ እየቀዱ ጥቂት እንጀራ ማውጣት ብዙ ሴት ትችለዋለች። የጎዳት ባልዲው ነው።

እዚህ ጋር ሐቁን ልናገር፣ የኪሎው ቁጥር በሚዛን ተለክቶ የተገኘ የተፈጥሮ ህግ አይደለም። ከልምድና ከጥንቃቄ የመጣ ነው፣ አንዱ ሀኪም 5 ሌላው 6፣ አንዱ 6 ሳምንት ሌላው 8 የሚለው ለዛ ነው። ክልከላው ከመጠን በላይ ጠብቋል የሚሉ ሀኪሞችም አሉ፣ ለዘብ ብሎ ቢነገር ሴቶቹ ቶሎ ይነቃቃሉ ብለው። ግን ክርክሩ ያለው 5 ነው ወይስ 8 ላይ ነው፣ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ማንም አይከራከርም። የራስሽ ሀኪም ሆድሽን ከፍቶ አይቷልና የሱን ቁጥር ያዢ፣ በተለይ ማህፀንሽ የወጣው በመውረድ ምክንያት ከሆነ፣ ምክንያቱም ያንቺ የታችኛው ጡንቻ መጀመሪያውኑ የላላ ስለሆነ ዘመድሽ ከሰማችው ይልቅ የጠበቀ ነገር ሊነግርሽ ይችላል፣ ምናልባትም ከ6 ሳምንቱ በኋላም ሸክም እንድትቀንሺ።

ታዲያ ዝም ብዬ ልተኛ?

አይሆንም፣ እንደውም ይሄኛው ስህተት ከባልዲው ሊብስ ይችላል።

እኛ ሀገር ሴት ስታርስ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። አራስ አትነካም፣ ገንፎ ይገነፋል፣ አጥሚት ይቀርባል፣ ወንድ ከሆነ 40 ቀን ሴት ከሆነች 80 ቀን ክርስትና ድረስ ቤቱ በሷ ዙሪያ ይሽከረከራል። 6 ሳምንት ማለት እኮ 42 ቀን ነው፣ ከወንድ አራስ በሁለት ቀን ይበልጣል። ልዩነቱ ማህፀኗ የወጣላት ሴት የምታሳየው ልጅ የላትም፣ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂው ይቀንሳል፣ በሶስተኛው «እማ ምሳ ምንድነው» ይመጣል። ለቤተሰብ ማስረዳት ካቃተሽ «እንደ አራስ ቁጠሩኝ» በያቸው፣ ይሄን ባልም ልጅም ይገባዋል።

መኝታው ላይ ግን ከአራስነት ወግ ተለይ። ከኦፕሬሽን በኋላ ደም ቶሎ የመርጋት ጠባይ ይኖረዋል፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ ደግሞ የእግር ደም ይቀዘቅዛል፣ ባት ውስጥ ይረጋል፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ይሄን የሚከላከለው መራመድ ነው። ነርሶቹ ገና በማግስቱ፣ አንዳንዴ በዛው ቀን፣ «ተነሺ» እያሉ የሚጨቀጭቁሽ ጨክነው አይደለም። ቤት ስትገቢ በየሰአቱ ተነስተሽ ሳሎን ድረስ ሂጂ፣ ቀጥሎ ግቢ፣ ቀጥሎ የሰፈሩ ሱቅ ድረስ። በሁለተኛው ሳምንት 10 ደቂቃ፣ በአራተኛው ግማሽ ሰአት መራመድ ብዙ ሰው ይችላል። ልኩን የሚነግርሽ ማታ ነው፣ ማታ ላይ ከትናንቱ የበለጠ ካመመሽ ወይ ደሙ ከጨመረ በማግስቱ ቀንሺ። ሆድ ማታ ማታ መነፋቱና ከትንሽ ስራ በኋላ ድክም ማለቱ ግን ሳምንታት ይቆያል፣ አትደንግጪ። ላፓራስኮፒ የተሰራላት ደግሞ ትከሻዬን ወጋኝ ልትል ትችላለች፣ ሆድ ለመንፋት የገባው ጋዝ የቀረው ነው፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ፣ ሊፍት የለም፣ አውቃለሁ። ደረጃ ይፈቀዳል። መደገፊያውን ይዞ፣ እየቆሙ፣ መጀመሪያ ቀን አካባቢ ሰው ከኋላ ሆኖ። ያልተፈቀደው ደረጃው ሳይሆን በእጅሽ ያለው ዘንቢል ነው።

ሽንት ቤትና ጾም

ይሄን ማንም በግልፅ አያወራውም፣ ግን ሴቶቹን ስትጠይቂያቸው ከቁስሉ ይልቅ ያስለቀሳቸው የሆድ ድርቀት ነው። ከኦፕሬሽን በኋላ አንጀት ይቀዘቅዛል፣ እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ደግሞ ይብሱን ያደርቁታል። ከዛ ማማጥ ይመጣል፣ ማማጥ ማለት ፌስታሉን መጫን ነው። ሰገራ ማለስለሻ ካላዘዙልሽ ጠይቂ። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ ተልባ በትኖ መጠጣት እዚህ ላይ የእናቶቻችን እውቀት ትክክል ነው፣ ፓፓያ፣ አትክልት፣ ገብስ። የተቀመጠ ሽንት ቤት ከሆነ እግርሽን ትንሽ ዱካ ላይ አድርጊ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ደግሞ ስትነሺ የምትይዢው ነገር ይኑር፣ በሆድሽ ሳይሆን በእጅሽና በጭንሽ ተነሺ።

ኦፕሬሽኑ ከጾም ጋር ከተገናኘ፣ የጾም ምግብ ራሱ መጥፎ አይደለም፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ቁስል የሚጠግን ፕሮቲን አላቸው። የሚጎዳው እስከ 9 ሰአት ያለ ውሃ መዋል ነው፣ መድኃኒት በባዶ ሆድ መዋጥም እንዲሁ። ከነፍስ አባት ጋር መነጋገር ያለ ነው። ረመዳን ላይም የታመመ ሰው አፍጥሮ ቆይቶ ቀዷ ማውጣት፣ ማለትም ያለፈውን በሌላ ጊዜ መጾም ይችላል።

ስግደት ሌላ ነገር ነው። ወድቆ መነሳት በየደቂቃው ሆድን አጥፎ መዘርጋት ስለሆነ ለ6 ሳምንት ይቆይ፣ አንገት ዝቅ አድርጎ መስገድ ይበቃል። ሶላትም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰገዳል፣ ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው።

ባልና ሚስትስ?

ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ብዙ ሀኪሞች 8 ይላሉ፣ ላፓራስኮፒ ላይ እስከ 12 የሚሉም አሉ። ምክንያቱ ያ የብልት ጫፍ ስፌት ነው፣ ከበስተጀርባው ያለው አንጀት ነው፣ ሌላ ግድግዳ የለም። ስፌቱ ሳይገጥም ቢላቀቅ አንጀት ወደታች ሊወርድ ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም፣ ሲከሰት ግን በዛው ሰአት ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው፣ ከታወቁት መነሻዎቹም አንዱ ቶሎ የተጀመረ ግንኙነት ነው። ስለዚህ ባልየው «ደህና ነሽ እኮ፣ ትሄጃለሽ ትመጫለሽ» ሲል መልሱ አጭር ነው፣ እግሯ ነው ደህና የሆነው።

በዚሁ ምክንያት ብልት ውስጥ ምንም አይገባም፣ በሎሚ፣ በጨው፣ በሳሙና ውስጥን መታጠብ ጭራሽ። ሞዴስ ከውጪ ብቻ። ሻወር ይቻላል፣ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ወንዝ፣ ፀበልም ከሆነ መነከር፣ ወይባ ላይ መቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ቀጠሮው ድረስ ይቆዩ። ሮዝ ወይ ቡና አይነት ትንሽ ፈሳሽ እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በ2ኛ ወይ 3ኛ ሳምንት የክር ቁራጭ ሊወጣም ይችላል፣ ክሩ ራሱ የሚሟሟ ስለሆነ ነው።

«ሴትነቴ አለቀ» የሚለውን ፍርሀት ብዙ ሴት በሆዷ ትይዘዋለች። የደስታው ስሜት ቦታ ማህፀን ውስጥ አይደለም፣ ደም ሲፈሳትና ሲያማት ለኖረች ሴት እንደውም ካገገመች በኋላ የተሻለ ይሆንላታል። መውለድ ግን አይቻልም፣ እሱ እውነት ነው፣ ሀዘኑም እውነት ነው፣ አልቅሺ ቢላት ታልቅስ።

መኪና መንዳትና ስራ

መንዳት የሚጀመረው ጠንካራ ማስታገሻ መውሰድ ስታቆሚና ፍሬን በድንገት መርገጥ ስትችይ ነው፣ እንደ ኦፕሬሽኑ ከ2 እስከ 6 ሳምንት። በቆመ መኪና ውስጥ ሞክሪው፣ ፍሬኑን በኃይል ስትረግጪ ሆድሽን ካመመሽ ገና ነሽ። ባጃጅና የኮብልስቶን መንገድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ካንቺ ጋር ባይገናኙ ጥሩ ነው።

ስራ ላይ፣ ቢሮ ተቀምጣ የምትሰራ ላፓራስኮፒ የተሰራላት በ2 እስከ 4 ሳምንት ልትመለስ ትችላለች፣ ሆዷ የተከፈተ ከ6 እስከ 8። ሸክም፣ ፅዳት፣ ኩሽና ከሆነ ከዛ በላይ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሰራተኛ በህመም ፈቃድ የመጀመሪያውን 1 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩን 2 ወር ግማሽ ደሞዝ፣ ከዛ 3 ወር ያለ ደሞዝ ታገኛለች፣ የሀኪም ማስረጃ ይዛ። ስለዚህ 6 ሳምንት የምታርፍ ሴት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ በግማሽ ደሞዝ እንደሚሆኑ አስቀድማ ታስላ። ቤት ሰራተኞች ይሄ አዋጅ አይደርሳቸውም፣ ግን ባልዲና ምንጣፍ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ቤሩት ወይ ሪያድ ያለሽ እህት ከሆንሽ ከሆስፒታሉ «ከባድ አታንሳ» የሚል ሳይሆን ኪሎውና ቀኑ በቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ጠይቂ፣ ማዳም ከቁጥር ጋር ለመከራከር ትንሽ ይከብዳታል።

የቱ ነው ቀጠሮ የማይጠብቀው?

በአንድ ሰአት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደማቅ ደም። ከ38 በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት። ከቁስሉ መግል፣ መቅላት፣ ወይም ከታች የሚሸት ፈሳሽ። አንድ ባት ብቻ ማበጥና መቆርጠም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መውጋት፣ ይሄኛው አምቡላንስ ነው ለነገ አይባልም። ሽንት አልመጣ ማለት። ሆድ ተነፍቶ ማስታወክ፣ ጋዝም ሰገራም አለመውጣት። ድንገት «የሆነ ነገር ወረደብኝ» የሚል ስሜት።

አንዱን ለብቻው ላንሳው፣ ያለማቋረጥ ውሃ የመሰለ ነገር ከብልት መፍሰስ። ሴቶች አፍረው ይደብቁታል፣ ወይ «ከኦፕሬሽኑ የመጣ ፈሳሽ ነው» ይሉታል። ሽንት ሊሆን ይችላል፣ ፊኛ ወይም የሽንት ቱቦ ከማህፀን ጎን ለጎን ስለሆነ ኦፕሬሽን ላይ የሚነካበት ጊዜ አለ። ፊስቱላ ስንል የሚመጣብን ምጥ የጠናባት የገጠር ልጅ ናት፣ ግን በኦፕሬሽንም ይመጣል፣ ይታከማልም፣ አዲስ አበባ ላይ በ1974 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ስራው ይሄ ነው።

የ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ምን ይሆናል?

ብዙ ሴት «አሁን ደህና ነኝ» ብላ የምትቀርበት ቀጠሮ ነው፣ ታክሲውም ሰልፉም ያሰለቻል። ግን የብልቱ ስፌት ገጥሟል አልገጠመም የሚለውን በመስታወት አንቺ አታይውም፣ ሀኪሙ ነው ገብቶ የሚያየው። ሌላው፣ የወጣው ማህፀን ላብራቶሪ ተልኮ ከሆነ ውጤቱን የምትቀበዪው ያኔ ነው፣ ካልሰጡሽ «የፓቶሎጂ ውጤቴስ» በይ። የማህፀን በርሽ ቀርቶልሽ ከሆነ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራሽ እንደሚቀጥል ጠይቂ፣ ኦቫሪሽ ወጥቶ ከሆነ ስለ ሆርሞኑ።

ተፈቅዷል ከተባልሽም በማግስቱ 20 ሊትር አይደለም። 5፣ ከሳምንት በኋላ 8፣ ከዛ 10፣ ስታነሺ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ እቃውን ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ፣ ትንፋሽሽን እያስወጣሽ። አክስቴ ይሄው ድና ሁለት አመቷ ነው፣ ሊጡን ግን አሁንም በሁለት ትንንሽ ባልዲ ነው የምታቦካው።